ባሕር ዛፍ እና የአዲስ አበባ አየር

አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ የመፍረስ አደጋ የገጠማት በማገዶ እጦት ምክንያት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ሲወርዱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ብርድና ነፋስ መገላገላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከዐድዋ ድል በኋላ የከተማው ሕዝብ በፍጥነት እየበዛ ሲሄድ፣ ለቤቱ ማገርና ምሰሶ፣ ለእንጀራውም ማገዶ የሚሆነው እንጨት ከአካባቢው ጠፋ። በዙሪያው የነበረው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ እየተመነጠረ አለቀ።

በቀደመው ዘመን ለእንዲህ ያለው ችግር የታወቀ መፍትሔ ነበረው። የነገሥታቱ ከተማ የድንኳን ከተማ በመሆኑ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ ይጓዛል። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው አዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ግን ከግብ ሳይደርስ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ዋና ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የተገኘ ዛፍ ነው። ዛፉን በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም ወደ አገር ያስገባው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እንደሆነ ይነገራል። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ «ባሕር ዛፍ» አለው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። መንግሥትም ዛፉ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ በማድረግ ተካዩን አበረታታ። ብዙም ሳይቆይ ራቁቱን የነበረው የእንጦጦ ተረተር ዳግመኛ አረንጓዴ ለበሰ።

በዚያው ዘመን ባሕር ዛፍ በአውሮፓ የሚታወቀው በመድኃኒትነት ጭምር ነበር። የወባ በሽታ በብዙ አገሮች የሚጠራበት «ማላሪያ» የሚለው ቃል በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። በሽታው ከረግረግ በሚነሣ ክፉ ሽታ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ በአልጄሪያና በሮም አካባቢ ባሕር ዛፍ በብዛት የተተከለው ጠንካራ መዓዛው አየሩን ያጠራል በሚል ተስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ ወባን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ መሆኗን አረጋገጠ። ስለዚህ ዛፉ ረድቶ ከሆነ፣ ሥሩ የረግረጉን ውኃ በመምጠጡ እንጂ በሽታው አይደለም። የአዲስ አበባ ነዋሪ በበኩሉ ጉንፋን ሲይዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ መታጠንን ልማድ አድርጎ እስከ ዛሬ አቆይቷል።

ረግረግን የሚያደርቅ ሥር ግን ምንጭንም ያደርቃል። ይህ ስጋት ገና በማለዳው ተሰምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ እምብዛም አልተፈጸመም። ምጣዱ ማገዶ ይሻ ነበርና፣ ዛፉን ነቅሎ ከተማዋን ማቆየት አልተቻለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ዛፍ የሚመዘነው በሸክም ነበር። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች የከተማዋን ምጣድ ሲያግሙ ኖረዋል። ያ ቅጠል ግን በዛፉ ላይ ሳለ አቧራ የሚይዘውን ያህል፣ በጠባብ ማድ ቤት ሲነድ ጭሱን ወደ ሰው ሳንባ ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የጭሱ ዋነኛ ተጠቂዎችም ምድጃው ዘንድ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

የቆመ ዛፍ ለከተማ ጤና የሚሰጠው ጥቅም ዛሬ በመጠኑ ተለይቶ ታውቋል። ቅጠል በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ብናኝ በገጹ ላይ ያስቀራል፤ ዝናብም አጥቦ ወደ መሬት ያወርደዋል። ከተሽከርካሪ ጭስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦዞንንም በከፊል ይስባል። ጥላውና ከቅጠሉ የሚተንነው ውኃ ደግሞ የአስፋልቱንና የቆርቆሮውን ሙቀት ያበርዳሉ። ሆኖም ዛፍ ከአየር የሚያነሣው ብክለት ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ ጭሱን አፍኖ ሊይዝ ይችላል። ባሕር ዛፍም ራሱ ከመኪና ጭስ ጋር ሲዋሐድ ኦዞን የሚፈጥር ተን ያወጣል። በመሆኑም የዛፉ ዓይነትና የሚተከልበት ቦታ ከብዛቱ ባልተናነሰ ሊታሰብባቸው ይገባል።

በጉለሌ 705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን ደረጃ በደረጃ በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ይዟል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ተራራውን የማገዶ ምንጭ ከመሆን ወደ መናፈሻነት አሸጋግሮታል። በዚህ ሽግግር ሊዘነጉ የማይገባቸው ቅጠል ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ የተራራው ዛፍ የዕለት እንጀራቸው ነበርና። በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስካልገባ፣ ተሸካሚዎቹም ሌላ መተዳደሪያ እስካላገኙ ድረስ፣ አዲስ የሚተከለው ጥድና ወይራ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ጥድና ወይራ የደረሰበት ዕጣ ሊደርስበት ይችላል። ያኔም ደኑ ያለቀው ሕዝቡ ዛፍ ስለጠላ አልነበረም፤ ከእንጨት በቀር የሚያነደው ስላልነበረው ነው።