ቀን መቁረጥና የተርጓሚው ድርሻ፦ የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር እትሞች ዕቅድ

ብዙዎች በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ በሚጽፉት ሶፍትዌር ላይ ቀን መቁረጥ ማንን ይጠቅማል? ለብዙ ዓመታት የተለመደው አሠራር «ሲያልቅ ይወጣል» የሚል ነበር። ለጥራት ከመቆርቆር የመነጨ ነው፤ ሆኖም መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ዴቢያን የተባለው ሥርዓተ ክወና 3.0ኛ እትም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ወጣ፤ ተከታዩ 3.1 የደረሰው በጁን 2005 ነው። በነዚያ ሦስት ዓመታት ተጠቃሚው ወይ ካረጀው ጋር መኖር፣ ወይ ገና ያልተረጋጋውን መድፈር ነበረበት።

የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው የሊኑክስ ከርነልም ከ2.4 ወደ 2.6 ለመሻገር ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ዛሬ አዲስ ኮድ የሚገባው በየዙሩ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በሩ ተዘግቶ፣ በየሳምንቱ የሙከራ እትም እየወጣ ስህተት ይታረማል፤ በ9 ወይም በ10 ሳምንት እትሙ ይለቀቃል። ቀን መቁረጥ ሥራን ያጣድፋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። ሲሞላ በሚነሳ መኪና ተሳፋሪው የሚጋፋው ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ኮዱ ያልበሰለለት ጸሐፊም ቀጣዩ በር ከሁለት ወር በኋላ እንደሚከፈት ካወቀ ይታገሣል።

የዕቅዱ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን በተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በየስድስት ወሩ የሚወጣው ግኖም የተባለው የዴስክቶፕ ሶፍትዌር አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ይተረጎማል። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ከነአማርኛው በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ፕሮግራመሩ በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቢያስተካክል ጌትቴክስት የተባለው መሣሪያ ትርጉሙን «ፈዚ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ተርጓሚው አይቶ ካላጸደቀው በቀር እትሙ ውስጥ አይገባም። ተጠቃሚው በአማርኛ ምናሌዎች መካከል ድንገት እንግሊዝኛ የሚያጋጥመው በዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ፣ ዕቅድ ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቆጠር አለበት፤ ጽሑፍ የማይነካበት ጊዜም ሃምሳ ሰው ባለው የትርጉም ቡድን ሳይሆን ሁለት ሰው ብቻ ባለው አቅም ይለካ። ግኖም ይህን ጊዜ «ስትሪንግ ፍሪዝ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል መለወጥ የፈለገ ፕሮግራመር፣ ምንም ያህል አንጋፋ ቢሆን፣ አስቀድሞ የተርጓሚዎቹን አስተባባሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል።