ዝሆኔን በምዕራብ ጎጃም መለየት፦ የተዘነጋው የፕራይስና የሄንደርሰን ጥናት

በአስቤስቶስ የተጎዳ ሳንባን የሚመረምር ሐኪም ከራጁ እኩል የታማሚውን የሥራ ታሪክ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሄልሲንኪ የተደረሰበት መስፈርትም የተጋላጭነት ታሪክን የምርመራው መሠረት አድርጎታል። ቀይ አፈርን በባዶ እግር ከመርገጥ ለሚመጣው ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ግን የተጋላጭነት ታሪክ ይህን ያህል ክብደት አልተሰጠውም።

ስለ ስርጭቱ ብዙ አልልም። በ2012 ዮርዳኖስ ሞላና ባልደረቦቿ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ከመቶ 3.3 ያህል አግኝተዋል። ሙግቴ በ2015 ከታተመው የከበደ ደሪቤና የባልደረቦቹ አገር አቀፍ ጥናት ጋር ነው። በ1,315 መንደሮች የተካሄደው ይህ ጥናት ታማሚን የለየው በማስወገድ ነበር፤ የፊላሪያ (እግር የሚያሳብጥ ጥገኛ ትል) ምርመራው ነጻ ከሆነ፣ የሥጋ ደዌና ሌሎች መንስኤዎችም ከተገለሉ፣ እብጠቱ ዝሆኔ ይባላል። ለካርታ ሥራ ይህ ያስኬዳል። ለሕክምና ክፍል ግን አይበቃም። የፊላሪያ ምርመራ በጋምቤላ ቆላ በርግጥ ይለያል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በምትገኘው ፍኖተ ሰላም ወይም ከዚያ ከፍ ባለችው ቡሬ ግን በከፍታው ምክንያት ነጻ ውጤት አስቀድሞ የሚጠበቅ ነው። የሚጠበቅ ውጤት ደግሞ ለሐኪሙ የሚጨምርለት እውቀት ጥቂት ነው።

ኧርነስት ፕራይስ ከሄንደርሰን ጋር በ1978 ባሳተመው ጥናት በባዶ እግር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንን የሊምፍ እጢ መርምሮ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ቅንጣቶችን አግኝቷል። የአፈሩ ማዕድን በእግር ገብቶ ሰውነት ውስጥ እንደሚከማች ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም። ቅንጣቶቹ ባልታመሙትም ላይ ታይተዋል የሚለው ተቃውሞ አያስኬድም። የአስቤስቶስ ቃጫም በጤነኛ ሳንባ ይገኛል፤ የሚመሰክረው ስለ መጋለጥ እንጂ ስለ መታመም አይደለም። አንድ ማሳ ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱ ብቻ ለምን እንደሚያብጥ የፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ የ2012 የዘር ውርስ ጥናት ከፊል መልስ ሰጥቷል።

ከየታማሚው እጢ ይቆረጥ አልልም፤ የተዘጋውን የሊምፍ መስመር የባሰ ይጎዳል። የምጠይቀው ካርዱ ላይ ጥቂት መስመር እንዲጨመር ነው፦ የት አደገ? ጫማ በስንት ዓመቱ ጀመረ? እብጠቱ ከእግር ጣትና ከመርገጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ከላይ ጀመረ? ከቤተሰቡ ማን ታሟል? አቀራረቡ በመስክ መፈተን እንዳለበት አያጠያይቅም። ሆኖም እብጠቱ አዳር በሚጎድልበት በመጀመሪያው ደረጃ የተለየ ታማሚ በመታጠብ፣ በቅባትና በጫማ ብቻ ሊድን ይችላል። የምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና ጣቢያዎች እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬውኑ መጠየቅ ይጀምሩ።