የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ መሻሻልና የአባላት መብት

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች በፈቃዳቸው ተደራጅተው ከሚቆጥቡት ገንዘብ እርስ በርስ የሚበዳደሩበት፣ እያንዳንዱ አባል የአክሲዮኑ ብዛት ሳይታይ አንድ ድምፅ ብቻ የሚኖረው ተቋም ነው። በድሬዳዋ አስተዳደር በሐርላና በአጎራባች የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖረው ሕዝብ ዕቁብና አፎሻ ከዚህ አሠራር ጋር ይቀራረባሉ። ልዩነቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲመዘገብ የሕግ ሰውነት ማግኘቱና በራሱ ስም መክሰስና መከሰስ መቻሉ ነው። ሐርላ በመካከለኛው ዘመን ከሩቅ አገሮች ጋር የምትነግድ ከተማ እንደነበረች በቁፋሮ የተገኙ ቅርሶች ይመሰክራሉ፤ በውል መገበያየት ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመ ሲሆን፣ አጠቃላዩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው ከዚያ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው። ሕጉ የመጣው ተግባሩን ተከትሎ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 ማኅበራቱን ከመንግሥት የሶሻሊስት ዕቅድ ጋር በማስተሳሰሩ ፈቃደኝነት የሚለው መርህ በእጅጉ ተዳክሟል። ይህን መርህ የመለሰው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 402/1996 ተሻሽሎ ቆይቷል። ዘርፉን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሁለቱንም ተክቷል።

የሕጎቹ ተደጋጋሚ መሻሻል ምክንያት አለው። አዋጆቹ የተዘጋጁት ለሁሉም ዓይነት ማኅበራት ሲሆን፣ እህል የሚገዛ ማኅበርና የሰው ገንዘብ በአደራ የሚይዝ ማኅበር ግን የሚያጋጥማቸው አደጋ አንድ አይደለም። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምዝገባ፣ ቁጥጥርና ኦዲት የሚከናወነው በኅብረት ሥራ አደራጅ አካላት እንጂ ባንኮችን በሚቆጣጠረው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አይደለም። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የተቋቋመውም ለባንኮችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት አስቀማጮች ነው። ስለዚህ የአባሉ ዋነኛ መከላከያ በጠቅላላ ጉባኤ መገኘት፣ የኦዲት ሪፖርት መጠየቅና ድምፅ መስጠት ሆኖ ይቀራል። ጉባኤ የማይጠራ ወይም ኦዲቱን የማያቀርብ የሥራ አመራር ቦርድ ሲኖር አባሉ ዝም ማለት የለበትም።

አባል ለመሆን የሚያስብ ነዋሪ አስቀድሞ የማኅበሩን የምዝገባ የምስክር ወረቀትና መተዳደሪያ ደንብ ማየት ይኖርበታል። አክሲዮንና ቁጠባ የተለያዩ ናቸው፤ አክሲዮን የማኅበሩ ካፒታል በመሆኑ ከትርፍ ድርሻ እንደሚያስገኝ ሁሉ ኪሳራም ሊደርስበት ይችላል። ማኅበሩን የሚለቅ አባል ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚመለስለት፣ ብድር የተበደረ ከሆነም ዕዳው ከቁጠባው እንዴት እንደሚቀናነስ ደንቡን አንብቦ መረዳት ይገባዋል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚፈልግ ነዋሪ በቃል በሚነገረው ብቻ ሳይወሰን፣ ይኸው በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በግልጽ መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት።

ለዋስትና የሚሆን ቤት የሌለው አርሶ አደር የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መውጣቱን ማወቁ ይጠቅመዋል። አዋጁ ከብትና ሰብልን የመሳሰሉ ንብረቶች ለብድር መያዣ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ ማኅበሩ ይህን ዓይነት መያዣ ይቀበል እንደሆነ ግን የብድር መመሪያው ይወስናል። በአባሉና በማኅበሩ መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ጉዳዩ በቅድሚያ በዕርቅ እንዲታይ ማመልከት ይቻላል። በምዝገባና በኦዲት ላይ የሚነሳ ቅሬታ ለአስተዳደሩ የኅብረት ሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ከማመልከቻው ጋር የቁጠባ ደብተር፣ የብድር ውልና የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ ማያያዝ ይገባል።