የአባይ ሸክም

የደጀን ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬም የአፈር ጥበቃ ሥራ ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ ጠራ ያለ ነው። በአባይ በረሃ ውስጥ ድልድያችን ጋ ሲደርስ ግን የጎጃምና የወሎ፣ የሸዋም ገባሮች አፈራቸውን አራግፈውበት በሐምሌ ድፍርስ ቡናማ ይሆናል። በማሳችን ጎርፍ እንዳይተኛ ፈሰስ እናወጣ ነበር፤ በዚያው ፈሰስ ግን ለሙ አፈር አብሮ ይሄዳል።

አባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ትልቁ ሸክሙ ግን አፈሩና ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው የቅጠልና የሥር ብስባሽ ነው። በብስባሹ ውስጥ ዕፅዋት ከአየር የወሰዱት ካርቦን አለ። ባሕር ወለል ላይ ከተቀበረ ሺህ ዓመታት ይቆያል፤ መንገድ ላይ ከበሰበሰ ወደ አየር ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1947 የተነሳችው የስዊድን የምርምር መርከብ «አልባትሮስ» አባይ መጨረሻው ከሚገባበት ከሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ደለል ቆፍራ አወጣች። በፈዛዛው ጭቃ መካከል በካርቦን የበለጸገ ጥቁር ንብርብር ነበር። ሳፕሮፔል ይባላል። የመጨረሻው የተነጠፈው ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰሃራ ሣር በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ የክረምቱ ዝናብ በርትቶ የአባይ ሙላት ጨዋማውን ባሕር ቀላል ውሃ አለበሰው። ኦክስጅን ወደ ታች መውረድ ስላቃተው ወደ ባሕሩ ወለል የወረደው ብስባሽ ሳይበላሽ ተቀበረ። ዝናባችን ሲለወጥ ባሕሩ መዝግቦታል።

ከእ.ኤ.አ. 1964 ወዲህ ግን ደለሉ ወደ ባሕሩ የሚወርድበትን መንገድ የአስዋን ግድብ ዘጋው። ወደ ዋናው ናይል ከሚገባው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከአባይና ከተከዜ የሚሄድ ነበር። የግብፅ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. 18,000 ቶን ገደማ ሰርዲን ያወጡ ነበር፤ ሙላቱ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 ከ1,000 ቶን በታች ሆነ። ናይል ባሕር የሚገባበት የረሺድ ዳርቻም ደለል ሲያጣ በማዕበል ተሸረሸረ። ዛሬ የእኛ አፈር መጀመሪያ የሚያርፈው ጉባ ላይ፣ በህዳሴው ግድብ ነው። ከብስባሹ ከፊሉ በግድቡ ሐይቅ ወለል ላይ ይቀበራል፤ ከፊሉ ሚቴን ሆኖ ይወጣል።

አሁን ደግሞ አየሩ እየሞቀ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚይዝ ዝናቡ ሲመጣ በኃይል ይወርዳል፤ ገና የታረሰውን፣ ቡቃያ ያልሸፈነውን ተዳፋት ጠርጎ ይሄዳል። የሞቀ አፈርም ብስባሹን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ገበሬው በየጥር ወሩ የሚሠራውን እርከንና ክትር የቀበሌ ግዴታ ብቻ አድርገን አንየው። አፈሩን ከነካርቦኑ በቦታው የሚያቆይ፣ ለዓለም አየር የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ሠሪውም ሊከፈለው ይገባል።