ሁሉም «ቁርጥማት» አንድ አይደለም፦ አርትራይተስን እንወቅ

በኦክላንድም በሳን ሆዜም ያሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጉልበታቸውን ሲያማቸው «ብርዱ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ብለው ዝም ይላሉ። አርትራይተስ ግን ከ100 በላይ ዓይነት አለው፤ ሕክምናውም ይለያያል። ዋና ዋናዎቹን ሦስቱን እንይ።

አንደኛው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚሸፍነው ልስልስ አካል በዕድሜ፣ በክብደትና በድሮ ጉዳት ይሳሳል። ሲንቀሳቀሱ ያማል፤ የጠዋቱ መተሳሰር ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ክብደት መቀነስና መጠነኛ እንቅስቃሴ ጉልበትን ያሳርፋል።

ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ብዙ ጊዜ የሁለቱም እጆች ጣቶች ያብጣሉ፤ ጠዋት ለመፍታታት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ወጣትም ይይዛል። ይሄኛው ጊዜ አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ቶሎ ካልተጀመረ መገጣጠሚያው ይበላል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም።

ሦስተኛው ሪህ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ቀይ ሥጋና ቢራ ያባብሱታል።

መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ካለው ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ኢመርጀንሲ ይሂዱ።

ለሐኪሙ የጠዋቱ መተሳሰር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይንገሩት። ሜዲካል ያላችሁ ደግሞ ልጅ እንዲያስተረጉም አታስቸግሩ፤ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ስለሚቀርብ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።