ከሻይ በራድ እስከ ጀልባ ሞተር፦ የነጩ ቅርፊት ታሪክ

ቤታችሁ ውስጥ የቆየ የሻይ በራድ ካለ ክዳኑን አንሱና ውስጡን እዩ። ታች ላይ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ካገኛችሁ የዛሬውን ታሪክ በጣታችሁ ነካችሁት ማለት ነው። ይህ ቅርፊት የእንፋሎት ባቡር ሠራተኞችን ለብዙ ዘመን አስቸግሯል፤ ዛሬ ደግሞ የጀልባ ሞተር ያንቃል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከየት እንደሚመጣ ለማየት አዋሽን እንከተል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል። በድንጋይ መሃል ሲያልፍም ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ በአዋሽ ከተማ፣ በገዋኔና በአዳይቱ በኩል አድርጎ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና በ1934 ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ አረጋገጠ።

በዚያ ሐይቅ ዳር አንዳንዶቹ ወደ 50 ሜትር የሚጠጉ የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል። ካልሲየም የያዘ ፍል ውሃ ከሥር እየወጣ፣ ካርቦኔት ከበዛበት የሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተጣምረው ድንጋይ ሆኑ። ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ ማማዎቹ ተገለጡ። ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የበራዳችሁ ቅርፊትም በአብዛኛው ያው ነው፤ የሚለየው አሠራሩ ነው። በበራድ ውስጥ ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፤ ማዕድኑን አሟሙቶ የያዘው ነገር ስለሄደ፣ ማዕድኑ ትኩሱ ብረት ላይ ይለጠፋል። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ይሄኛው ግን ተቃራኒ ነው።

አሁን በራዱን ትልቅ አድርጋችሁ ጎማ ግጠሙለት፤ የእንፋሎት ባቡር ይሆናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ብዙው ክፍል ደግሞ በረሃ ነው። እዚያ ውሃ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ የተገኘው ውሃ ምን ይዟል የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 200 ሚሊግራም ኖራ አለ እንበል። ባቡሩ በቀን 5,000 ሊትር ቢያተን፣ እንፋሎቱ ሲሄድ ማዕድኑ ቦይለሩ ውስጥ ይቀራል። በቃ፣ በቀን 1 ኪሎ ድንጋይ! ብረት ሙቀትን ከዚህ ቅርፊት ቢያንስ 20 እጥፍ ያህል በተሻለ ያስተላልፋል። ስለዚህ ቅርፊቱ በወፈረ ቁጥር ነዳጅ ይባክናል። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው የማያቀዘቅዘው ብረት ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል።

ለዚህ ችግር ታሪክ ሦስት መልስ ሰጥቷል። የመጀመሪያው መፋቅ ነው። በየአገሩ የእንፋሎት ባቡሮች በየጊዜው እሳታቸው ጠፍቶ፣ ቦይለራቸው ቀዝቅዞ፣ ውስጡ በብረት መፋቂያና በኃይለኛ ውሃ ይጸዳ ነበር። ሁለተኛው ውሃውን ቀድሞ ማከም ነው። የአበርዲኑ የኬሚስትሪ መምህር ቶማስ ክላርክ በ1841 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ኖራን በኖራ ማስወገድ ነበር። የተመጠነ ኖራ ውሃው ውስጥ ሲጨመር፣ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዘውና አብዛኛው ኖራ ገንዳው ውስጥ ይዘቅጣል። ሦስተኛው መልስ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ማዞር ነው። ሳሙኤል ሆል በ1834 ለመርከብ ያስመዘገበው ዘዴ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ አድርጎ ወደ ቦይለሩ ይመልሰው ነበር። በኢትዮጵያ ባቡር መስመር ላይ በ1950ዎቹ የገቡት የናፍጣ ባቡሮችም በዚሁ ሦስተኛ መንገድ ይሠሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ የገባው ማቀዝቀዣ ውሃ በራዲያተር ውስጥ ይዞር ነበር።

የጀልባ ሞተርስ? ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ስለሆነ ራዲያተር መሸከም አላስፈለገም። ዛሬም አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ውሃውን ከሐይቁ ወይም ከባሕሩ ስበው፣ በጠባብ ቦዮች አሳልፈው ይተፉታል። ማዕድኑ ታዲያ ያለማቋረጥ ይገባል። አብዛኛው ተመልሶ ቢወጣም፣ ጥቂቱ በትኩሱ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ናፍጣ ባቡር ያመለጠውን ችግር የጀልባ ሞተር ዛሬም ይዞት ይዞራል። እንደ ሐዋሳና ጫሞ ያሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ከጣና የበለጠ ማዕድን አላቸው።

የጀልባ ነጂ ምልክቱን የሚያየው ከሞተሩ ጎን በሚፈሰው ቀጭን ውሃ ነው። እሱ ከሳሳ ቦዩ ጠቧል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹህ ውሃ ማጠብ ይጠቅማል። የተጋገረውን ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ወይም ከሎሚ አሲድ የተዘጋጀ ደካማ ማጽጃ፣ በሞተሩ መመሪያ መሠረት፣ ውስጡ እንዲዘዋወር በማድረግ ማሟሟት ይቻላል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የቆየው ጋዝ ይለቀቃል። የባትሪ አሲድ ግን አይነካም፤ የሞተሩን አሉሚኒየምና የእናንተን ቆዳ ይበላል። ፓምፑ ጎማ ስለሆነ ያለ ውሃ ማስነሳትም ያቃጥለዋል።

ወደ አዳይቱ እንመለስ። በአዋሽና በሰመራ መሃል በሚያልፉት ከባድ መኪናዎች ራዲያተር ውስጥ 30 ሊትር ውሃ ቢኖር፣ በቀደመው ስሌት 6 ግራም ኖራ ነው፤ ያው ውሃ እስከዞረ ድረስ ከዚያ አይጨምርም። ራዲያተሩ የሚያፈስ ሆኖ ሾፌሩ በየቀኑ 5 ሊትር የወንዝ ውሃ ከጨመረ ግን በየቀኑ እስከ 1 ግራም፣ በዓመት ከ300 ግራም በላይ ሊገባ ይችላል። መኪናው በገዛ እጁ ወደ እንፋሎት ባቡር ዘመን ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠገነው ቀዳዳው ነው፤ የሚሞላውም የተጣራ ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ደግሞ እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፤ ታፍኖ የቆየው ትኩስ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።