ከምጥ በፊት ያለችው አልጋ

ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ብርዷን አይረሳም። ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ስትጓዙ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳባትን፣ 100 ገደማ ላይ ደባርቅን ታገኛላችሁ። ከዚያ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ ሌላው ተራሮቹን ይዞ ወደ ጃን አሞራና ወደ በየዳ ያቀናል። ቱሪስቱ በዚህ መንገድ የሚወጣው ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ ለማየት ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ደግሞ ከዚያው ተራራ በቃሬዛ ሆና ትወርድበታለች።

ቃሬዛ ማለት ሁለት አጣና፣ በመካከሉ የተወጠረ ጠፍር ወይም ገመድ፣ ከላዩ ጋቢ ነው። የመንደሩ ወንዶች እየተቀባበሉ ይሸከማሉ፤ እንደ ዕድር ሁሉ ለዚሁ ሥራ ማኅበር ያላቸው መንደሮችም አሉ። ስለዚህ ሸካሚ አይጠፋም። የሚጠፋው ጊዜ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ እናቲቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ሕፃኑ መውጣት አቅቶት ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ከዘለቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ይሞታል፤ ጭንቅላቱ ተጭኖት የቆየው ሥጋ ይሞትና እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር የማትችል ሆና ትቀራለች። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ለዚህች እናት አዋጡ ብትባሉ ለምን ታዋጣላችሁ? አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን አምቡላንስ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የአገራችንን ታሪክ ስከታተል ግን ደጋግማ የምትመጣብኝ ሌላ ነገር ሆነች፤ በቤትና በሆስፒታል መካከል ያለች አንዲት አልጋ። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኋቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ተቀምጣ አልተዘጋጀችም ነበር አይባልም፤ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1942 አግብታ ከባለቤቷ ጋር ወደ ወለጋ ሄደች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተች። ዕድሜዋ 22 ነበር። አስቡት፤ የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ! ከቃሬዛዋ እናት ጋር ያመሳሰላት ከሐኪም መራቋ ነው።

በስሟ ሆስፒታል ለመሥራት ገንዘብ ስታሰባስብ የነበረችው የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። የእንግሊዝ ሕዝብ አዋጣ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። የተዋዋሉት ለሦስት ዓመት ነበር። ከመምጣታቸው በፊት ፊስቱላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ የቀዶ ሕክምናውን ከሌሎች ሐኪሞች ጽሑፍ እያጠኑ ተማሩት። ሴቶቹ ከየአገሩ በእግርና በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር። ሽታቸው ስለሚያስቸግር ሌሎች ሕሙማን አብረዋቸው መተኛት አይወዱም። ተራቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትም፣ ከዳኑ በኋላ የሚያገግሙበትም ቦታ የለም። ሐምሊኖች በዚያው ግቢ ለእነርሱ ትንሽ ማረፊያ ቤት ሠሩ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1974 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው፤ ከእርሱ በፊት ግን ያቺ ማረፊያ ነበረች። በኋላም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ «ደስታ መንደር» ተቆረቆረ፤ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ያላዳናቸው ሴቶች የሚኖሩበት፣ ሙያ ተምረው ወደ ኑሯቸው የሚመለሱበት ቦታ ነው። በ2005 ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፈት ለጎንደርና ለሰሜን ተራሮች ሴቶች መንገዱ አጠረላቸው። ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ፤ ካትሪን በ2020፣ በ96 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ለሦስት ዓመት ነበር የመጡት።

ይህ ሁሉ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከመድረሱ በፊትስ? እዚህ ላይ ወደ ጉራጌ ልውሰዳችሁ። ወልቂጤ አጠገብ ባለው የአጣጥ ሆስፒታል የካቶሊክ ሚሲዮን እኅቶች በ1970ዎቹ አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ሩቅ የሚኖሩና ወሊዳቸው ያሰጋል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ቤት በግቢው ውስጥ አዘጋጁ። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ። ምጥ ሲጀምር ሐኪሙ ያለው ጥቂት እርምጃ አልፎ ነው። ቃሬዛ የለ፣ ወንዝ የለ።

ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ሕያው ልደት ሲሰላ 90 ገደማ ናቸው፤ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1,000 ወሊድ በአንዱ ወገን 18 ገደማ፣ በሌላው 191 ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት ልክ አይሆንም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸውና። ግን እኮ የማቆያው ነገርም ይኸው ነው፤ ሳይበላሽ መድረስ።

መንግሥትም ይህን መንገድ ተከተለ። በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ 10 ብቻ ናቸው፤ በ2016 ከመቶ 26 ደረሱ። በእነዚያው ዓመታት በአማራ ክልልም በሌሎችም ክልሎች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ «የእናቶች ማቆያ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቤቶች ተሠሩ። ሴቶቹ በማያውቁት ቤት እንዳይከፋቸው ብለው ገንፎ የሚያገነፉላቸው፣ ቡና የሚያፈሉላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ይህን ያሰበ ሰው የአገሩን ሴት ያውቃል።

ታዲያ ወጪው ከማን? ቤቱንና አዋላጇን መንግሥት ይችላል። የሚበላውን በአብዛኛው የሚያዋጣው ገበሬው ነው፤ አንዱ በጣሳ ገብስ፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ጥቂት ብር። በሉቃስ ወንጌል ያለው ሳምራዊ ቁስለኛውን አክሞ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ ቢያወጣ ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት። ስለ አህያውና ስለ ዘይቱ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስለዚች የአልጋ ሒሳብ ግን እምብዛም።

እናትና ልጅ ማስጠለል ለደባርቅና ለዳባት ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ2021 ጦርነቱ ሲደርስ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በትምህርት ቤቶችና በየሰው ቤት ተጠግተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ላይ በትግራይ ካምፖች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈሩ። እንዲህ ያለ ጊዜ ስጦታ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ዜናም ይሠራለታል። ለማቆያ ቤት ግን ዜና የለውም። የተሳካለት ቀን ምንም አልሆነም ማለት ነው።

እናቶች ወደ ማቆያ ለምን እንደማይመጡ፣ መጥተውም ለምን ሳይወልዱ እንደሚመለሱ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሐኪምን ብዙም አይመለከትም። የሚበላ አይበቃም። ብርድ ልብስ የለም። ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያይልኝ የለም፤ ትንሹን ይዤ ብመጣ የት ይተኛል? ማገዶ አልቋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ገበሬው እህል የሚያዋጣው አዝመራው ሲገባ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ። የማቆያው ጎተራ የሚሳሳው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሰጠውም ሰው ቤት ባዶ ነው። በየዳና ጃን አሞራ ላይ ዝናቡ መንገዱን የሚቆርጠው፣ ቃሬዛ ወንዝ መሻገር የሚያቅተው፣ አምቡላንሱም ጭቃ ላይ የሚቆመው በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። እንግዲህ በወጣቶች ኅብረታችሁ የምታዋጡት ካለ፣ አጠገባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ በሰኔ መጨረሻ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጎተራው ውስጥ ስንት ኩንታል እንደቀረ፣ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ፣ የሚያበስለው ማን እንደሆነ አዋላጇ ትነግራችኋለች።